አካል ጉዳተኛ ባለሙያ የራሱን ሥራ ለመድረክ ሲያበቃ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ትርኢት

ለቴአትር ወይም ለሙዚቃ ዝግጅት አዳራሽ ስፈልግ ስልክ እደውልና እኔ በክራንች እንደምሄድ፣ ከተዋንያኑም መካከል አንዷ ዊልቸር እንደምትጠቀም አስቀድሜ እናገራለሁ። ከወዲያ በኩል የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ «ምንም ችግር የለም፣ ልጆች አሉ፣ ተሸክመው ያወጧታል» የሚል ነው። መልሱ ከቅንነት የሚመጣ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የደከመን መደገፍ ያደግንበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለሥራ የመጣች ተዋናይት ስድስት ሳምንት ለሚቆይ ልምምድ በቀን አራት ጊዜ በሰው እጅ ልትወጣና ልትወርድ አትችልም፤ ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ እርሷ መድረኩ ላይ ትቀራለች፤ ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግም ሰው ማስጠራት ሊኖርባት ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱን አንድ ቀን ቢያዳልጠው ደግሞ የሚሰበረው የእርሷ አጥንት ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የራሳቸውን ሥራ ለመድረክ ወይም ለገበያ ለማብቃት ለሚያስቡ አካል ጉዳተኛ ተዋንያን፣ ሙዚቀኞች፣ ዳንሰኞችና ፕሮዲዩሰሮች ነው። ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ አዘጋጆችም ቢያነቡት አይጎዱም። ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ናቸው፤ በሌሎች ከተሞች አዳራሹ ቢለያይም የሥራው አካሄድ ብዙ አይለያይም። መመሪያው በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አንድ ባለሙያ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር እንደ መብራቱና እንደ ድምፅ መሣሪያው የዝግጅቱ ክፍል ስለ ሆነ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ተለክቶና ተጽፎ በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ እንደ ውለታ ይቆጠራል፤ ውለታ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው።

ወረቀቱን መጻፍ

ሙዚቀኞቻችን «ራይደር» የሚሉትን ወረቀት ያውቁታል፤ ስንት ማይክራፎን፣ ምን ዓይነት ሚክሰር፣ ስንት ሞኒተር እንደሚፈልጉ ዘርዝረው ከውሉ በፊት ለአዘጋጁ የሚልኩት ነው። በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ አካል ጉዳተኛ አርቲስቶች ይህንኑ ልማድ ወስደው ለራሳቸው የሥራ ሁኔታ ተጠቅመውበታል። እኔ በአማርኛ «የሥራ ፍላጎት ማስታወሻ» እለዋለሁ። ርዝመቱ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሦስተኛውን ገጽ የሚያነብ አዘጋጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በማስታወሻው ላይ የጉዳትዎን ታሪክ ወይም የሐኪም ማስረጃ አይጻፉ። አንባቢው ማወቅ ያለበት በሥራው ቀን ምን መደረግ እንዳለበት ብቻ ነው። «የፖሊዮ ጉዳት አለብኝ» ብሎ መጻፍ ለአዳራሽ ኃላፊው ምንም አይነግረውም፤ ቢበዛ ያሳዝነዋል። የእኔ ማስታወሻ ከሚላቸው መካከል ጥቂቱ እንዲህ ይነበባል፦ «ከጎኑ መደገፊያ ካለው እስከ አምስት ደረጃ መውጣት እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ መንገድ ይዘጋጅ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ መሥራት ስለማልችል ልምምዱ ውስጥ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይያዝ። ሁለቱም እጆቼ ክራንች ስለሚይዙ ጽሑፍ ይዤ መንቀሳቀስ አልችልም፤ ስለዚህ ቃሉን አጥንቼ እንድመጣ ድርሰቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይላክልኝ። ስቀመጥ ክራንቼን ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ አታስደግፉብኝ፤ እጄ ከሚደርስበት ቦታ አይራቅ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት ከብዙ ልምድ በኋላ ነው። ክራንች የሚያነሡት ሰዎች መንገዱን እያጸዱልኝ እንደ ሆነ ያስባሉ፤ እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከወንበሩ መነሣት የማልችል ሰው እሆናለሁ።

ዐይነ ስውር ባለሙያ ከሆኑ ድርሰቱ፣ ውሉና የልምምድ ፕሮግራሙ በምን ዓይነት ፋይል እንዲላክልዎ በግልጽ ይጻፉ። ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ ገጽ ወይም ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ ጽሑፍ ለስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም፣ ባዶ ሥዕል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ድርሰት በወርድ ፋይልም ቢመጣ እንደማይነበብ ነው። ለዐይን አማርኛ መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ስለ ሆነ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ትርጉም የሌለው ጩኸት ነው። የድሮ ድርሰቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተቀመጡ ስለ ሆኑ «በዩኒኮድ የተተየበ» የሚለው ቃል ማስታወሻው ውስጥ ሳይገባ አይቅር። አዲስ ድርሰት ደርሶዎት ከሆነ መጀመሪያ አንድ ገጽ አስነብበው ይሞክሩት፤ የልምምዱ ዋዜማ ላይ ከማወቅ ይሻላል።

መስማት ለተሳነው ባለሙያ ደግሞ ማስታወሻው ስለ አስተርጓሚ ብቻ መሆን የለበትም። ስብሰባ ላይ ሰዎች ተራ በተራ እንዲናገሩ፣ ተናጋሪው አስተርጓሚውን ሳይሆን ባለሙያውን እየተመለከተ እንዲናገር፣ መብራት ሳይበራ ውይይት እንዳይጀመር መጻፍ ያስፈልጋል። ጉዳታቸው ለዐይን የማይታይ ባልደረቦችም አሉ፤ የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው ብልጭ ድርግም የሚል የመድረክ መብራት አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል መብራት ባለሙያው ይህን በልምምዱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ እርስዎ ከሆኑ ማስታወሻውን ከሁሉም የቡድን አባል ይጠይቁ። ሕፃን የምታጠባ ተዋናይትና ወገቡን የሚያመው ከበሮ መቺም የሚጽፉት ነገር አያጡም፤ ሁሉም ሲጽፍ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ «ችግረኛ» ተብሎ አይለይም።

አዳራሹን በሜትር ማየት

አዳራሽ ለማየት ሲሄዱ ሜትር ይዘው ይሂዱ። «ራምፕ አለን»፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መወጣጫ አለን፣ የሚለውን ቃል ለብቻው አይመኑት። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ያለ ረዳት የሚወጣው ራምፕ፣ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ እንደሚለው፣ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት ዐሥራ ሁለት ሜትር መርዘም አለበት። 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው መድረክ 10.8 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለአናጺ ሲነግሩት መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎም ሁለት ሜትር የሆነ ጣውላ አስደግፎ «ይኸው» ይላል። እንዲህ ያለው ጣውላ በሁለት ሰው ተገፍቶ ለሚወጣ ዕቃ ካልሆነ በቀር ለሰው የሚሆን አይደለም፤ ሲወርዱበት ይበልጥ አደገኛ ነው።

10.8 ሜትር ቦታ ከሌለ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ራምፑን መሐል ላይ ማረፊያ ሰጥቶ ማጠፍ ነው፤ ማረፊያው ዊልቸር እንዲዞርበት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛው፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው፣ መድረኩን ትቶ ትርኢቱን ወለሉ ላይ ማውረድና ተመልካቹን በሦስት ጎን ማስቀመጥ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ ተውኔት ማለት ከፍ ብሎ መታየት ይመስላቸዋል። አዝማሪ ግን መቼም ከፍታ ፈልጎ አያውቅም፤ በእንግዶቹ መካከል እየዞረ ነው ቤቱን የሚይዘው። ወለል ላይ መሥራት ለራምፕ የሚወጣውን ወጪ ከማስቀረቱም በላይ ተመልካቹን ያቀርባል።

ከመድረኩ ይበልጥ የሚያሰናክለው ግን ከመድረኩ ውጭ ያለው ነው። ከአስፋልቱ እስከ አዳራሹ በር ያለው መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ የዊልቸሩ የፊት ጎማዎች በየድንጋዩ መካከል ይያዛሉ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው ይጨመራል። በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይከፈት እንደ ሆነ ይለኩ፤ ባለ ሁለት ተካፋች በር ከሆነ የሁለተኛው ተካፋች መቀርቀሪያ የሚሠራ መሆኑን ይሞክሩ። ልብስ መቀየሪያው ምድር ቤት ይሆን? ሽንት ቤቱ በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል ተለጥፎበት ውስጡ መጥረጊያና ባልዲ የተከማቸበት ቦታ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሥዕሉን ሳይሆን በሩን ከፍተው ይዩ፤ ገብተውም በሩ ከኋላዎ ይዘጋ እንደ ሆነ ያረጋግጡ። ሕንፃው ሊፍት ካለው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅስ እንደ ሆነ መጠየቅ አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለድምፅ ብቻ ነው የሚበቃው። የሚቻል ከሆነ ቦታውን የሚጠቀምበት ሰው ራሱ አብሮ ሄዶ ይየው፤ የቆመ ሰው ዐይን የማያየው ነገር አለ።

በዚህ ላይ ሕግም አለ። በ2001 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። የድሮ አዳራሾች ከዚህ አዋጅ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ፤ ሀገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ነው ሥራ የጀመሩት። ከአዋጁ በኋላ የተሠራ አዳራሽ ኃላፊ ጋር ሲነጋገሩ ግን አንቀጹን ጠቅሶ በትሕትና መናገር ውይይቱን ከልመና ወደ ሥራ ይመልሰዋል።

ገንዘብ

በጀት ሲሠሩ የተደራሽነት ወጪን «ልዩ ልዩ» ከሚለው መስመር ውስጥ አይክተቱት፤ ስፖንሰሩ መጀመሪያ የሚቆርጠው መስመር እርሱ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውን ከተዋንያን ክፍያ ቀጥሎ፣ የራምፑን እንጨትና የአናጺ ዋጋ ከመድረክ ግንባታው ጋር፣ የትራንስፖርቱን ከትራንስፖርት ጋር ያስገቡት። ትራንስፖርቱ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ሚኒባስ ታክሲ ዊልቸር ያለውን ሰው አልፎት ይሄዳል፣ ከቆመም ለዊልቸሩ የሁለተኛ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ ለልምምዱ ሳምንታት በሙሉ የሚጠራ መኪና ማስላት ያስፈልጋል። ረዳት ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካለ የረዳቱ አበልና ምሳም መታሰብ አለበት።

ስለ ራስዎ ክፍያ ሲነጋገሩ ቃሉን ያዳምጡ። «ማበረታቻ»፣ «የትራንስፖርት»፣ «ትንሽ ነገር እናዘጋጃለን» የሚሉት ቃላት ክፍያ ማለት አይደሉም። በየዓመቱ ኅዳር 24 አካባቢ፣ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር፣ የብዙዎቻችን ስልክ ይጠራል። አንድ ዓመት አንድ ድርጅት አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ እንዳቀርብ ጠርቶኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ ሁለት ዘፈን የዘፈነው ድምፃዊ ገንዘቡን በፖስታ ሲቀበል ለእኔ ቲሸርትና በፍሬም የገባ ምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ምስክር ወረቀቱ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነበር፣ አስቀድሜ ዋጋ አልጠየቅሁምና። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዚሁ መድረክ ላይ ለሚሠሩት ሌሎች ባለሙያዎች የምትከፍሉት ስንት ነው?» እላለሁ፤ መልሱን ከሰማሁ በኋላ የራሴን እናገራለሁ።

ለዚህ ጥንቃቄ የሚያበቃ የቆየ ምክንያት አለ። በእኛ አገር የአካል ጉዳትና የዘፈን ነገር ከምጽዋት ጋር ተሳስሮ ቆይቷል። ሌሊት ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች ካልዘፈኑ ቆማጣ ይሆናሉ ይባል ነበር፤ ዛሬም በከተማው አደባባዮች ትንሽ ስፒከር ተሸክመው የሚዘፍኑ ዐይነ ስውራን አሉ፤ አንዳንዶቹ በስቱዲዮ ከምንሰማቸው የሚበልጥ ድምፅ አላቸው። አላፊው ሳንቲም ጥሎ ያልፋል እንጂ ዘፈኑ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። አካል ጉዳተኛ ባለሙያ መድረክ ላይ ሲወጣም የተመልካቹ እጅ በልማድ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ ቲኬት የሚሸጥ ሥራ ያለ ሽልማትና ያለ ልገሳ ጥሪ መዝጋት ያለበትም ለዚህ ነው። ከትርኢቱ በኋላ መድረክ መሪው ማይክራፎን ይዞ ለተዋንያኑ ገንዘብ እንዳያሰባስብ አስቀድመው ያስጠንቅቁት፤ ያደርጉታል።

ውሉ

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ ለሠራተኛው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች፣ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 30 የአካል ጉዳተኞችን የፈጠራና የኪነ ጥበብ ችሎታ የማዳበር መብት ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምንሠራው በቋሚ ቅጥር ሳይሆን በአንድ ሥራ ውል ስለ ሆነ፣ በተግባር የሚጠብቀን በውሉ ውስጥ የተጻፈው ነው። የሥራ ፍላጎት ማስታወሻውን የውሉ አባሪ ያድርጉትና ዋናው ውል ላይ «አባሪ አንድ የዚህ ውል ክፍል ነው» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ። ቀብዱም ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት እንዲከፈል ይጻፍ።

ለዐይነ ስውራን ባለሙያዎች አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዐይነ ስውር ሰው ፊርማ በሕግ ፊት የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። ድንጋጌው ዐይነ ስውሩን ለመጠበቅ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር ስለሚመድበው ብዙ የተማሩ ዐይነ ስውራንን ያስቆጣል፣ እኔም እንደ እነርሱ አስባለሁ። ሕጉ እስካለ ድረስ ግን የቅጂ መብት የሚተላለፍበት ወይም ብዙ ገንዘብ ያለበት ውል ከሆነ ወደ ውልና ማስረጃ የሚሄዱበትን ቀን በፕሮግራሙ ይያዙ። ከዚያ በፊት የውሉን ፋይል በራስዎ ስክሪን አንባቢ ያንብቡት፤ ሌላ ሰው አንብቦልዎ ከሆነ የተነበበውን በስልክዎ ይቅዱት።

ልምምድ

ዐይነ ስውር ተዋናይ ቃል የሚያጠናበት መንገድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት በጆሮ ብቻ ተምረው ለመምህርነት የበቁ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ፤ የቃል ትምህርት ሥርዓቱ ለማንም የሚሆን ነው። ድርሰቱን በድምፅ ቀድተው የሚልኩለት ከሆነ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ የሚያነበው ሰው እየተወነ አያንብብ። ቃሉ ከነዜማው ስለሚያዝ ተዋናዩ የሌላ ሰው ቁጣና የሌላ ሰው ሣቅ ይዞ ይመጣል፤ እርሱን ማስለቀቅ ቃሉን ከማስጠናት ይከብዳል። ደረቅ ንባብ ይበቃል።

መድረኩን ለማስለመድ ሲባጎና ሰፊ ፕላስተር ይበቃል። ሲባጎውን ከመግቢያው እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ ጠረጴዛው በወለሉ ላይ ዘርግተው በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ስስ ጫማ ያደረገ ሰው መስመሩን በእግሩ መዳፍ ያገኘዋል። የመድረኩ ጠርዝ አንድ ሜትር ሲቀረው ደግሞ በአግድም ድርብ መስመር ያድርጉ፤ ይህ ለሕይወት ነውና በምንም ምክንያት አይነሣ። የወንበርና የጠረጴዛ እግሮች ያረፉበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ ዕቃ የሚያስተካክለው ሰው አንድ ብቻ ይሁን። አንድ ልምምድ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሩን በሁለት ስንዝር አስጠግታው፣ ተዋናዩ በሙሉ እምነት ሊቀመጥ ሲል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሳቀና ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለአንድ ሳምንት በእጁ ሳይዳስስ መቀመጥ አልቻለም፤ ትዕይንቱ ደግሞ ሰውየው በገዛ ቤቱ ተዝናንቶ የሚቀመጥበት ነበር።

አዘጋጁም አፉን ማረም ይኖርበታል። «እዚህ»፣ «እዚያ»፣ «ወደዚህ ጠጋ በል» የሚሉት ቃላት ለማያይ ሰው ባዶ ናቸው። «በስተቀኝህ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ፊትህን ወደ ባልደረባህ ወደ ሳባ ድምፅ» ማለት ይለመዳል፤ በሁለት ቀን ይለመዳል። ለማሳየት ሰውነቱን መንካት ካስፈለገ መጀመሪያ ይጠየቅ።

መስማት ከተሳነው ተዋናይ ጋር ሲሠሩ ዋናው ጥያቄ መግቢያውን በምን ያውቃል የሚለው ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የምትበራ ትንሽ መብራት፣ የባልደረባ እጅ፣ ወይም በእንጨት ወለል ላይ በእግር የሚሰማ የከበሮ ንዝረት ያገለግላሉ። ሲሚንቶ ወለል ግን ንዝረት አያስተላልፍም፤ ይህን ያወቅነው ልምምዱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ካዛወርን በኋላ ነበር። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ስለ ሆነ አማርኛውን ቃል በቃል በእጅ መከተል ተውኔት አይሆንም። ቅኔ ወይም ሰምና ወርቅ ያለበት ድርሰት ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚው መድረክ ላይ ቆሞ ሊወስነው የማይገባ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚተረጎመው ሰሙ ነው ወርቁ? ደራሲው፣ አስተርጓሚውና ቢያንስ አንድ መስማት የተሳነው ሰው አብረው ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ስንኝ ሁለቱንም የሚይዝ ምልክት መፈለግ አለባቸው። አንዳንዴ ይገኛል፤ ሳይገኝ ሲቀር ወርቁን መያዝ ይሻላል፤ ሰሙን ብቻ የያዘ ተመልካች ሌላው ሲስቅ ዝም ብሎ ይቀራልና።

በዳንስ በኩል አዲስ አበባ የራሷ ልምድ አላት። አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲመሠረት ከድሃ ቤተሰብ የተገኙ ወጣቶችን ይዞ ነበር። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በለንደን ካንዱኮ የተባለውን የዳንስ ቡድን ከሴለስት ዳንዴከር ጋር የመሠረተው አዳም ቤንጃሚን አዲስ አበባ መጥቶ ከአካል ጉዳተኛ ዳንሰኞች ጋር አብሮ መሥራትን አስተምሯል። ከዚያ አሠራር የምወስደው ነገር አንድ ነው፤ አሠልጣኙ እንቅስቃሴውን ሠርቶ «እንዲህ አድርጉ» አይልም፤ «ከወለሉ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር አሳዩኝ» ይላል፤ እያንዳንዱም በራሱ ሰውነት ይመልሳል። እስክስታ ይህን አሠራር በደንብ ይቀበላል፤ ትከሻና አንገት የሚሠሩት ሥራ ነውና፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ቆሞ ከሚጨፍረው አያንስም።

በስቱዲዮ ውስጥ

ዐይነ ስውር የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ለመሆን የሚያስብ ሰው ዛሬ ዝግ በር የለበትም፤ ምርጫው ግን ጠባብ ስለ ሆነ በሚጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አይሳሳት። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ የሚገኝ ሲሆን አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል። ለቀረጻና ለሚክሲንግ ሪፐር የተባለው ፕሮግራም ኦሳራ ከሚባለው ነፃ ተጨማሪ ጋር ሲጫን ሁሉንም በኪቦርድ ለመሥራት ያስችላል፤ የትኛው ትራክ ላይ እንዳሉ፣ ድምፁ ስንት ዴሲቤል እንደ ሆነ ይናገራል። ሪፐር ለ60 ቀናት በሙከራ ስለሚሠራ ከመግዛት በፊት መመዘን ይቻላል። ማክ ያለው ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር በሚመጣው ስክሪን አንባቢ፣ በቮይስኦቨር፣ መሥራት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከውጭ ከሚጨመሩት ፕላጊኖች፣ ማለትም ድምፅ ከሚያስተካክሉ ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ ነው፤ ብዙዎቹ ሥዕል ብቻ ስለ ሆኑ ስክሪን አንባቢው ዝም ይላል። ስለዚህ ውድ ፕላጊን ከመግዛት ይልቅ ከሪፐር ጋር የሚመጡትን በደንብ መልመድ ይሻላል። ከሌላ ስቱዲዮ ጋር በሚሠሩበት ጊዜ ደግሞ ትራኮቹ በየስማቸው ተሰይመው እንዲላኩ ያስገድዱ፤ «ኦዲዮ 37» የሚል ስም የሚያይ ሰውንም ያደክማል።

ተመልካቹን መቀበል

ለትርኢቱ አስተርጓሚ ሲቀጥሩ ሁለት ይቅጠሩ። አንድ ሰው በየሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃው ሳይለወጥ የሁለት ሰዓት ትርኢት ሊተረጉም አይችልም፤ እጁ ብቻ ሳይሆን አእምሮው ይደክማል። ድርሰቱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይድረሳቸው፤ ሁለት ልምምድም ይመልከቱ። ቦታቸው ከመድረኩ ጎን፣ ተመልካቹ እነርሱንና ተዋናዩን በአንድ ጊዜ በሚያይበት በኩል ይሁን፤ ልብሳቸው ሥዕል የሌለውና ከቆዳቸው ቀለም የሚለይ ይሁን፤ መድረኩ ሲጨልም የእነርሱ መብራት እንዳይጠፋ ለመብራት ባለሙያው በጽሑፍ ይሰጠው። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የሚያዙት ወንበሮች በዚያው በኩል ካልሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ ከተማሩት ወይም መስማት የተሳናቸውን ማኅበር ጠይቆ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ለዐይነ ስውራን ተመልካቾች ከትርኢቱ አርባ ደቂቃ በፊት መድረኩን ይክፈቱላቸው። ልብሱን፣ ጦሩን፣ መሶቡን ይዳስሱ፤ ተዋንያኑም በየገጸ ባሕርያቸው ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉላቸው፤ በኋላ ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ይለያሉ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አጃቢ ለሚያስፈልገው ሰው የአጃቢውን ቲኬት በነፃ ያድርጉ፤ የዊልቸር ቦታውንም ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ሰው ከጓደኞቹ ጋር በሚቀመጥበት ረድፍ ውስጥ ወንበር አውጥተው ያዘጋጁ።

ማስታወቂያውና ጋዜጠኛው

ፖስተሩ ላይ ስለ ሥራው ይጻፉ፤ ርዕሱ፣ ደራሲው፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከዚያም «የምልክት ቋንቋ ትርጉም አለ፣ መግቢያው ለዊልቸር ይመቻል» የሚል አንድ መስመር። «አካል ጉዳት ያልበገራቸው» የሚለውን ሐረግ አታሚው ራሱ ሊጨምርልዎ ይችላል፤ ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ይዩ። ለፌስቡክ የሚሰቀለውን ፖስተር ጽሑፍ ከሥዕሉ ሥር በፊደል ደግመው ይጻፉት፤ አለበለዚያ ሥራው የታሰበላቸው ዐይነ ስውራን ስለ ትርኢቱ ከሌላ ሰው አፍ ነው የሚሰሙት።

ጋዜጠኛ ሲመጣ ከካሜራው በፊት ይስማሙ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ጉዳቱ እንዴት ደረሰብህ?» የሚለው ነው፤ የዐሥር ደቂቃው ቃለ ምልልስ ስምንቱ በዚያ ያልፋል፤ የትርኢቱ ቀን ሳይነገር ሙዚቃው ይገባል። እኔ «ስለ ተውኔቱ አምስት ጥያቄ ከጠየቅኸኝ በኋላ ስለ እግሬ አንድ እመልሳለሁ» እላለሁ። የሚስማሙ አሉ። ያልተስማማውም ቢያንስ የትርኢቱን ቀን እንዲያነብ በወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ።

የመጨረሻው ትርኢት ሲያልቅ መድረኩን የሚያፈርሱት ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ከቡድኑ ጋር ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡና ማስታወሻዎቹን አውጥተው የሠራውንና ያልሠራውን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ይረሳል። የራምፑ ሳንቃዎች በየተራቸው ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ብሎኑ በከረጢት ታስሮ ከመጀመሪያው ሳንቃ ጋር ይያያዝ፤ ማን ቤት እንደሚቀመጥም በስም ይመዝገብ። የእኛ 7.2 ሜትር ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መድረክ ይበቃል፤ ለሚቀጥለው አዳራሽ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀውም የመድረኩን ከፍታ ነው።